ከዩቱ ኮንሰርቶች የትኛውን ልምረጥ? ከ1983 እስከ 2024 ያለው መድረክ ሲነጻጸር

የአየርላንዱን የሮክ ባንድ ዩቱን (U2) «እስቲ ልያቸው» ብሎ ዩቲዩብ የከፈተ ሰው ቶሎ ግራ ይጋባል። አንዱ ቪዲዮ ላይ አራት ጎረምሶች ዝናብ እየወረደባቸው ይጫወታሉ። ሌላው ላይ ድምፃዊው የወርቅ ቀለም ልብስ ለብሶ፣ ቀንድ አድርጎ፣ ከመድረክ ላይ ስልክ ይደውላል። ሌላው ላይ ባንዱ በሙሉ ከትልቅ ሎሚ ውስጥ ይወጣል። የቅርቡ ላይ ደግሞ ሰዎቹ ከግዙፍ ስክሪን ሥር ጉንዳን አክለው ይታያሉ። ሁሉም ግን አንድ ባንድ ነው።

ልጆቹ የተገናኙት በ1976 ደብሊን ውስጥ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ነው። (ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፣ ጥር ስል ጃንዋሪ ማለቴ ነው፤ በእኛ ሲሆን እናገራለሁ።) ድምፃዊው ቦኖ፣ ጊታር ተጫዋቹ ኤጅ፣ ቤዝ ጊታር የያዘው አዳም ክሌይተንና ድራመሩ ላሪ ሙለን ከዚያ ወዲህ አልተለያዩም። አባል ሳይቀይር ይህን ያህል የቆየ የሮክ ባንድ በጣት የሚቆጠር ነው። ለዚህም ነው የአንድ ባንድ ኮንሰርት በዕድሜ እንዴት እንደሚለወጥ ለማየት የእነሱ የሚመቸው።

ይህ ጽሑፍ ገንዘቡን፣ ዳታውን ወይም የቅዳሜ ማታውን በየትኛው ኮንሰርት ላይ እንደሚያጠፋ መወሰን ለከበደው ሰው ነው። ብዙ ሰው ለእሱ የማይሆነውን ዘመን ቀድሞ ያይና «ያ ሁሉ የተወራለት ይሄ ነው እንዴ?» ብሎ ይዘጋዋል። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም የሚሆነው ሌላ ኮንሰርት እዚያው ጎን ተቀምጧል።

በምን እንመዝናቸው?

የመጀመሪያው መመዘኛዬ፣ ከሁሉም የሚበልጥብኝ፣ ኮንሰርቱን የተሸከመው ምንድን ነው የሚለው ነው። በወጣትነት ጊዜ ጉልበት ይሸከመዋል። ገንዘብ ሲመጣ መድረኩና ስክሪኑ ይሸከመዋል። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ የተመልካቹ ትዝታ ይሸከመዋል። ሦስቱም ጥሩ ኮንሰርት ሊያወጡ ይችላሉ። እናንተ የምትፈልጉት የቱን እንደሆነ ካላወቃችሁ ግን ምርጫው ዕድል ነው።

ሁለተኛው የዘፈኖቹ ምርጫ ነው። ባንዱ በዚያ ምሽት አዲስ ነገር እየሞከረ ነው ወይስ ሰው የሚያውቀውን እየደገመ? ሦስተኛው የቦኖ ድምፅ ነው። ድምፅ እንደ ጊታር ክር አይቀየርም። አራተኛው ቅጂው ነው፤ የአንድ ምሽት ሙሉ ኮንሰርት ነው ወይስ ከየቦታው የተለቀመ? አምስተኛው ኪስ ነው፤ በስልክ ይታያል? ድምፁ ብቻ ቢሰማ ይበቃል? ዲቪዲ መግዛት ያስፈልጋል?

ከእነዚህ በተጨማሪ አንድ መለኪያ ይዤያለሁ። «ሰንዴይ ብለዲ ሰንዴይ» የሚለውን ዘፈናቸውን በየዘመኑ ተከተሉት። ዘፈኑ ጥር 30 ቀን 1972 በሰሜን አየርላንድ ደሪ ከተማ የእንግሊዝ ወታደሮች ሰልፈኞች ላይ ተኩሰው 13 ሰው የገደሉበትን እሁድ ያነሳል። የወጣው በ1983 ነው። ግጥሙ አልተለወጠም፤ አጨዋወቱ ግን በየጉዞው ተለዋውጧል። የባንዱን ዕድሜ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ነገር የለም።

1983፦ ሬድ ሮክስ

ሬድ ሮክስ አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ፣ ዴንቨር ከተማ አጠገብ፣ በትላልቅ ቀይ ቋጥኞች መሀል ያለ ክፍት ቲያትር ነው። ሰኔ 5 ቀን 1983 ዩቱ እዚያ ፊልም ሊቀርጽ ተዘጋጀ። ባንዱ ያኔ ሀብታም አልነበረም፤ ለቀረጻው ከራሱ ኪስ ጭምር አውጥቷል። በዕለቱ ዝናብና ጭጋግ መጣ። አዘጋጆቹ ይሰረዝ አሉ። ባንዱ እምቢ አለ። ቦኖ በሬዲዮ ቀርቦ ኮንሰርቱ እንዳለ ነው፣ መምጣት ያልቻለ በማግስቱ ቤት ውስጥ በነፃ እንጫወትለታለን አለ። ከ9 ሺህ በላይ የሚይዘው ቦታ ላይ የተገኘው ግማሽ ያህሉ ሰው ነው።

ዝናቡ ፊልሙን አሳመረው። ቋጥኞቹ ላይ ችቦ ይነዳል። ከሰዎቹ ትንፋሽ እንፋሎት ይወጣል፣ መብራቱ ደግሞ ጭጋጉን ቀይ ያደርገዋል። ቦኖ በ«ሰንዴይ ብለዲ ሰንዴይ» መሀል ነጭ ባንዲራ ይዞ መድረኩ ጫፍ ድረስ ይሄዳል። ላሪ ከኋላ ድራሙን እንደ ወታደር ሰልፍ ይመታል። ስክሪን የለም። የመድረክ ጌጥ የለም። የ23 ዓመት ልጅ ባንዲራ ይዞ ቆሟል፤ ዓይን ግን ከእሱ ላይ አይነሳም።

መጨረሻው ላይ «40» የሚለውን ዘፈን ልብ በሉት። ግጥሙ ከመዝሙረ ዳዊት 40 የተወሰደ ነው፤ በግዕዙ ዳዊት 39ኛው ላይ «ጸኒሐ ጸናሕክዎ» የሚለው ማለት ነው። ኤጅና አዳም መሣሪያ ይለዋወጣሉ፣ ኤጅ ቤዝ ይይዛል። ከዚያ አንድ በአንድ ይወጣሉ። ላሪ መጨረሻ ላይ ይቀራል። ሕዝቡ ዝማሬውን አያቋርጥም።

ገዢ የሚሳሳትበት ነገር አለ። «አንደር ኤ ብለድ ሬድ ስካይ» የሚባለው አልበምና የሬድ ሮክሱ ፊልም ስማቸው ይመሳሰላል፤ ይዘታቸው ግን ይለያያል። አልበሙ ስምንት ዘፈን ብቻ ነው። አምስቱ ጀርመን ውስጥ፣ አንዱ ቦስተን፣ ሁለቱ ብቻ ሬድ ሮክስ ላይ የተቀዱ ናቸው። የዝናቡን ምሽት የፈለገ ፊልሙን ይያዝ። ፊልሙን በዲቪዲ የምትገዙ ከሆነ የ2008ቱ እትም ተጨማሪ ዘፈኖች ስላሉት እሱን ምረጡ።

ድክመቱስ? ድምፁ ሻካራ ነው። ቦኖ ያኔ ከመዝፈን ይልቅ መጮህ ይቀናዋል። ትልልቅ የሚባሉት ዘፈኖቻቸው ደግሞ ገና አልተጻፉም።

1985፦ ላይቭ ኤድ፣ ከዚያም አጅባር

ይሄኛው ሙሉ ኮንሰርት አይደለም፤ 20 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ለእኛ ግን ሊዘለል አይችልም።

ላይቭ ኤድ የተዘጋጀው ለ77ቱ ድርቅ ነው። ቀኑ በእኛ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ነበር፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 13 ቀን 1985። ዩቱ ለንደን ዌምብሌይ ላይ ሦስት ዘፈን ሊጫወት ተዘጋጅቶ ነበር። ሁለተኛው ላይ ቦኖ ከመድረኩ ወርዶ ወደ ሕዝቡ ሄደና ከአንዲት ልጅ ጋር ተቃቅፎ ጨፈረ። ሦስቱ ጓደኞቹ የት እንደገባ ሳያውቁ ዘፈኑን እየደጋገሙ ቆዩ። ዘፈኑ ወደ 12 ደቂቃ ተለጠጠ። ሦስተኛው ዘፈን፣ ትልቁ ዘፈናቸው፣ ጊዜ አልቆበት ቀረ። ጓደኞቹ ተናደዱ፤ አበላሸነው ብለው ነበር የወጡት። ሰው ግን ከዚያ ቀን ያስታወሰው ያንኑ ጭፈራ ነው። ከዚያ ወዲህ የቦኖ ዋና ጥያቄ በመድረኩና በሕዝቡ መካከል ያለውን ርቀት እንዴት ላጥፋ የሚል ሆነ። በኋላ የሠሯቸው ረጃጅም መተላለፊያዎችና ትንንሽ መድረኮች በሙሉ ለዚህ ጥያቄ የተሰጡ መልሶች ናቸው ብዬ አምናለሁ።

በዚያው ዓመት ቦኖና ባለቤቱ አሊ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ወሎ አጅባር በሚገኝ የእርዳታ ጣቢያ ለሳምንታት ሠሩ። ለሕፃናቱ ስለ ጤናና ንጽሕና የሚያስተምሩ መዝሙሮችና አጫጭር ድራማዎች አዘጋጁ። «ዌር ዘ ስትሪትስ ሃቭ ኖ ኔም» የሚለው ዘፈን የመጀመሪያ ሐሳብ የተጻፈው በዚያ ጉዞ ነው። ከ1987 ወዲህ በአብዛኞቹ ኮንሰርቶቻቸው መብራቱ በአንዴ ቦግ ብሎ ሕዝቡ የሚዘለው በዚህ ዘፈን ነው። ከዚህ በታች ከማነሳቸው ኮንሰርቶች ውስጥ የትኛውንም ብትመርጡ ይህ ዘፈን ሲመጣ ከየት እንደተነሳ ታውቃላችሁ።

1987፦ የዴንቨሩ እሁድ

«ራትል ኤንድ ሀም» የሚባለው የ1988 ፊልም አሜሪካ ውስጥ ያደረጉትን ጉዞ ይከተላል። ከየቦታው የተለቀመ ስለሆነ እንደ ኮንሰርት ሙሉ አይደለም። መሀል መሀል ላይ ወሬ ይበዛዋል። ለአንድ ዘፈን፣ ለ«ሰንዴይ»፣ ሲባል ግን መታየት አለበት።

ኅዳር 8 ቀን 1987 ጠዋት ሰሜን አየርላንድ ኤኒስኪለን ከተማ የጦር ሙታን መታሰቢያ ላይ ቦምብ ፈንድቶ 11 ሰው ሞተ። ዩቱ በዚያው ማታ ዴንቨር ላይ ይጫወት ነበር። ጥቁርና ነጭ በሆነው ቀረጻ ላይ ቦኖ ዘፈኑን አቋርጦ ይናገራል። አሜሪካ ተቀምጠው ስለ አገር ቤቱ አብዮት ክብር ለሚያወሩት አይሪሾች ነው ንግግሩ። ጡረተኛ ሽማግሌዎችን በቦምብ መግደል ምኑ ላይ ነው ክብሩ ይላል። ቁጣው ከልብ ነው። አራት ዓመት ቀደም ብሎ ባንዲራ ይዞ ሲዘፍን ሰላም ይለምን ነበር፤ እዚህ ላይ ትዕግስቱ አልቋል። ውጭ አገር ተቀምጦ የአገር ቤት ጦርነት ሲያዳምቅ የሚውል ሰው ያየ አበሻ ይህን ንግግር ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

1992 እና 1993፦ ዙ ቲቪ

በ1980ዎቹ መጨረሻ ብዙ ሰው ዩቱን ሰባኪ ናቸው ብሎ ይከሳቸው ነበር። ዙ ቲቪ የተባለው የኮንሰርት ጉዞ ለዚያ የሰጡት መልስ ነው። መድረኩን በቴሌቪዥን ሞሉት። ትራባንት የሚባሉትን የምሥራቅ ጀርመን መኪኖች አንጠልጥለው መብራት አደረጓቸው። ቦኖ ጥቁር መነጽር አድርጎ ሌላ ሰው ሆነ፣ በአውሮፓው ጉዞ ደግሞ የወርቅ ልብስና ቀንድ ጨመረ። ከመድረክ ወደ ዋይት ሐውስ ስልክ ይደውል ነበር። በ1993 ደግሞ ጦርነት ውስጥ ከነበረችው የቦስኒያ ዋና ከተማ ሳራዬቮ ጋር በሳተላይት በቀጥታ ይገናኙ ነበር።

የተቀረጸው ፊልም ኅዳር 27 ቀን 1993 ሲድኒ የተደረገው ነው። የሚደንቀኝ ድፍረታቸው ነው። ኮንሰርቱን በተከታታይ አዳዲስ ዘፈኖች ይከፍቱታል። የድሮውን የሚጠብቅ ሰው ብዙ ይታገሣል። የእኛ «ሰንዴይ» በፊልሙ ውስጥ ጭራሽ የለም። ባንዱ በራሱ ታሪክ ላይ ለመደገፍ ያልፈለገበት ጊዜ ነው፤ ቦኖም በቀጭን ድምፅ መዝፈን ተምሮ መጮሁን ትቷል። በሙዚቃ ደረጃ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው እላለሁ።

ዋጋም አስከፍሏቸዋል። ከቀረጻው በፊት ባለው ምሽት አዳም ከመጠጥ የተነሳ መድረክ መውጣት አቅቶት መሣሪያ የሚያስተካክልለት ባለሙያ ተክቶት ተጫወተ። ፊልሙ ላይ የምታዩት አዳም በማግስቱ የተመለሰው ነው።

1997፦ ፖፕማርት

ፖፕማርት የዙ ቲቪን መንገድ እስከ መጨረሻው ገፋው። ወደ 50 ሜትር የሚሰፋ ስክሪን፣ የወርቅ ቀለም ያለው ቅስት፣ ባንዱ ውስጡ ሆኖ የሚመጣበት 12 ሜትር ገደማ የሆነ ሎሚ። ኦስሎ ላይ ሎሚው አልከፈት ብሎ በኋላ በር ነው የወጡት። የጉዞው ቀን ቀድሞ ስለተቆረጠ አዲሱን አልበማቸውን ተጣድፈው ነው የጨረሱት፣ ልምምዱም አጠረ። መጀመሪያዎቹ ኮንሰርቶች ላይ ያስታውቃል። በዚያ ዓመት የቦኖ ድምፅም የደከመ ነበር።

የተቀረጸው ታኅሣሥ 3 ቀን ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ነው። በዚያ ጊዜ ባንዱ ተስተካክሏል፣ ሕዝቡም እሳት ነው። የጉዞው ትልቅ ምሽት ግን መስከረም 23 ሳራዬቮ ላይ የሆነው ነው። ከተማዋ በጦርነቱ የቆየችበት ከበባ ካበቃ ሁለት ዓመት አልሞላም። ስታዲየሙ ውስጥ 45 ሺህ ያህል ሰው አለ። የቦኖ ድምፅ ጠፋ። ሰዉ ዘፈነለት። «ሰንዴይ»ን ኤጅ ብቻውን በጊታርና በቀስታ ዘፈነው፤ ያለ ድራም፣ ያለ ባንዲራ። ያ ሁሉ ብረትና መብራት ከኋላው ተገትሮ ሥራ ፈትቷል። ሜክሲኮ ሲቲ ላይም እንዲሁ ብቻውን ይዘፍነዋል።

2001፦ ስሌን ካስል

አሁን ወደ ምወደው ደረስን፤ ትንሽ ልቆይበት።

በ2001 ባንዱ ማሽኑን አራግፎ ወደ ትንንሽ አዳራሾች ተመለሰ። በመድረኩ ፊት የልብ ቅርጽ ያለው መተላለፊያ ተሠራ፣ የተወሰነ ሰው መሀሉ ገብቶ እንዲቆም። በፈረንጆቹ በጋ መጨረሻ ወደ አገራቸው ተመለሱና ከደብሊን ወጣ ብሎ ባለው የስሌን ቤተ መንግሥት ሜዳ ላይ ሁለት ኮንሰርት አደረጉ። ፊልሙ የሁለተኛው፣ የመስከረም 1 ቀኑ ነው። ወደ 80 ሺህ ሰው ነበር።

የቦኖ አባት የሞቱት ነሐሴ 21 ነው። የመጀመሪያውን የስሌን ኮንሰርት የተጫወተው ቀብሩ ገና ሳይርቅ ነው። ሁለተኛው ላይ ሐዘኑ ገና ትኩስ ነው፤ ፊቱ ላይ ይነበባል። በዚያው ቀን ደግሞ አየርላንድ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ኔዘርላንድስን 1 ለ 0 አሸንፋለች፤ ሕዝቡ ሜዳው ላይ የመጣው በዚያ ሞቅታ ነው። ለቅሶና ሠርግ በአንድ ግቢ ሆነ።

ከዚያ «ሰንዴይ» መጣ። ዘፈኑ መጨረሻ ላይ ቦኖ ስም መጥራት ጀመረ። በ1998 በሰሜን አየርላንድ ኦማ ከተማ ላይ በፈነዳው ቦምብ የሞቱት የ29ኙ ሰዎች ስም ነው። አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩል። ከላይ ያነሳሁት የዴንቨሩ ንግግር ቁጣ ነበር፤ ይህ ለቅሶ ነው። የሰሜን አየርላንድ የሰላም ስምምነት ተፈርሟል፣ አገሩ እየተለወጠ ነው፣ ዘፈኑም የሙታን መታሰቢያ ሆኗል። ሰውየው 41 ዓመቱ ነው። በ23 ዓመቱ ይህን ማድረግ አይችልም ነበር፤ ጉልበቱ አይፈቅድለትም።

የዘፈኖቹ ምርጫም ሚዛኑን የጠበቀ ነው። አዲሱ አልበማቸው ጥሩ ስለነበር አዲሶቹ ከድሮዎቹ ጎን ሲቆሙ አያፍሩም። ድምፁ ከ1997ቱ በጣም ይሻላል። ሌላ ምን ይፈለጋል?

2009 እስከ 2011፦ 360

360 በተባለው ጉዞ መድረኩን ስታዲየሙ መሀል አቁመው ሕዝቡ ዙሪያውን እንዲከብ አደረጉ። በላዩ ላይ አራት እግር ያለው፣ 50 ሜትር ገደማ የሚረዝም ብረት ተተከለ። ለመገንባት ቀናት ስለሚወስድ ሦስት ቅጂ ተሠርቶ፣ አንዱ ከተማ ላይ ሲጫወቱ ሌላው ቀጣዩ ከተማ ላይ ይተከል ነበር። 110 ኮንሰርት ተደረገ፣ ከ7 ሚሊዮን በላይ ትኬት ተሸጠ፣ ገቢውም 736 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰ። በጊዜው ከጉዞዎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። በመሀሉ ቦኖ ወገቡን ታሞ ቀዶ ሕክምና ስለተደረገለት የ2010ሩ የሰሜን አሜሪካ ጉዞ ወደ 2011 ተዛውሯል።

ፊልሙ ጥቅምት 25 ቀን 2009 ካሊፎርኒያ ሮዝ ቦውል ላይ የተቀረጸ ነው፤ ያኔ በዩቲዩብ በቀጥታ ተላልፏል። «ሰንዴይ» ላይ መድረኩ አረንጓዴ ይሆናል፣ ስክሪኑ ላይ የዚያን ዓመት የኢራን ሰልፎች ይታያሉ። የአየርላንዱ ዘፈን የሌላ አገር ሰው ዘፈን ሆነ። ሐሳቡ መልካም ነው። ችግሩ ዓይናችን ስክሪኑን ሲከተል አራቱን ሰዎች ይረሳቸዋል። የዚያን ጊዜ አዲስ ዘፈኖችም ከሕዝቡ ጋር እንደ ድሮዎቹ አልተዋሐዱም። ትልቅ ቴሌቪዥን ለሌለው አልመክርም።

2015 ፓሪስና ከዚያ ወዲህ

በ2015 እንደገና ወደ አዳራሽ ገቡ። በአዳራሹ ርዝመት ከላይ ስክሪን ተሰቀለ፤ ውስጡ መተላለፊያ ስላለው ሰዎቹ ምስሉ መሀል ገብተው ይሄዳሉ። የመጀመሪያው ክፍል የልጅነት ታሪክ ነው። ቦኖ ያደገበት መንደር፣ በ14 ዓመቱ ያጣት እናቱ፣ ከጣሪያው ወርዳ የምትወዛወዝ አንዲት አምፖል። ሲጀምሩ የነበራቸውን ጉልበት ማምጣት አይችሉም፤ የነበሩበትን ቤት ግን ማሳየት ይችላሉ። ያንን አደረጉ።

ፊልሙ ታኅሣሥ 7 ፓሪስ ላይ የተቀረጸ ነው። ከኅዳር 13ቱ ጥቃት የተነሳ የተላለፈ ኮንሰርት ነበር። «ሰንዴይ» እዚህ ከሁሉም ያነሰና ከሁሉም የከበደ ነው። ላሪ አንዲት ከበሮ ብቻ አንግቶ በመተላለፊያው ላይ ይራመዳል። ሌሎቹ ከጎኑ ናቸው። በ1983 የሰማነው ያ የሰልፍ ምት ተራቁቶ ብቻውን ቀርቷል። ከሦስት ሳምንት በፊት ኮንሰርት አዳራሽ ውስጥ ሰው በተገደለበት ከተማ ውስጥ ይህን መስማት ቀላል አይደለም።

ከዚያ በኋላ ትዝታው እየጨመረ መጣ። በ2017 30 ዓመት የሞላውን «ጆሹዋ ትሪ» አልበማቸውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል ተጫወቱ፣ ከኋላቸው 61 ሜትር የሚሰፋ ስክሪን ነበር። ኮንሰርቱን የሚከፍተው ራሱ «ሰንዴይ» ነው፤ ላሪ ብቻውን ወጥቶ ትንሿ መድረክ ላይ ይጀምረዋል። በመስከረም 2018 በርሊን ላይ የቦኖ ድምፅ መሀል ላይ ጠፍቶ ኮንሰርቱ ተቋረጠ። ዕድሜ ነው።

ከመስከረም 29 ቀን 2023 እስከ መጋቢት 2 ቀን 2024 ድረስ ላስ ቬጋስ ውስጥ ስፊር በተባለው አዲስ አዳራሽ 40 ኮንሰርት አደረጉ። ስክሪኑ 15 ሺህ ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ ጣሪያውን ጭምር ይሸፍናል። ላሪ ከቀዶ ሕክምና እያገገመ ስለነበር ሆላንዳዊው ብራም ቫን ደን በርግ ድራሙን ያዘ። ልጁ ጎበዝ ነው። ግን የላሪን የሰልፍ ምት ለለመደ ጆሮ የሆነ ነገር ይጎድላል። ስለ ምስሉ ምንም ማለት አይቻልም፣ አፍ ያስከፍታል። በስልክ የተቀዱ ቁርጥራጮችን አይቶ ስፊርን አየሁ ማለት ግን አይሆንም፤ እዚያ ቦታ ላይ ካልሆኑ ትርጉሙ ይጠፋል። እዚያው አዳራሽ ከመስከረም 2024 ጀምሮ በፊልም መልክ መታየት የጀመረውም ለዚህ ይመስለኛል።

በአጭሩ ሲነጻጸሩ

| ኮንሰርት | የተሸከመው | የቦኖ ድምፅ | ዘፈኖቹ | «ሰንዴይ» | የሚመቸው |
|---|---|---|---|---|---|
| ሬድ ሮክስ 1983 | ጉልበት | ሻካራ፣ ጯሂ | የመጀመሪያ ዘመን ብቻ | ነጭ ባንዲራ | ስልክ፣ ድሮ ቅጂ የማይከብደው |
| ዴንቨር 1987 | ቁጣ | ጠንካራ | የተለቀመ ፊልም | ንግግር | አንድ ዘፈን ብቻ ለሚያይ |
| ሲድኒ 1993 | ሐሳብና ስክሪን | ሰፊ | አዲስ ይበዛል | የለም | ሙዚቃ ለሚመረምር |
| ሜክሲኮ ሲቲ 1997 | መድረክ | የደከመ | ቅልቅል | ኤጅ ብቻውን | ትዕይንት ወዳድ |
| ስሌን 2001 | ሐዘንና አገር | ጥሩ | ሚዛናዊ | የሙታን ስም | አዲስ ተመልካች |
| ሮዝ ቦውል 2009 | መድረክ | ጥሩ | ቅልቅል | ኢራን | ትልቅ ቴሌቪዥን |
| ፓሪስ 2015 | ታሪክ | የተቆጠበ | አዲስና ድሮ | አንዲት ከበሮ | ባንዱን ቀድሞ ለሚያውቅ |
| ስፊር 2023 | ስክሪንና ትዝታ | ሳይለፋ የሚዘፍን | ድሮ ይበዛል | – | ቦታው ላይ ለሚገኝ |

ለማን የትኛው?

ዩቱን ምንም የማያውቅ ሰው በስሌን ይጀምር። ከወንድም ከእህት ጋር ተሰብስቦ ለማየትም እሱ ይሻላል፤ ፊልሙ ማንንም አያስቸግርም።

ዳታ ለሚቆጥብ መፍትሔው በድምፅ ብቻ መጀመር ነው። «አንደር ኤ ብለድ ሬድ ስካይ» ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፣ በተለመደው የስትሪሚንግ ጥራት ከ50 ሜጋባይት በታች ነው። ቪዲዮ ግን በ480 ጥራት እንኳ በሰዓት ግማሽ ጊጋ ገደማ ይበላል። ስለዚህ ሙሉ ፊልም ከማውረዳችሁ በፊት በባንዱ የራሱ ዩቲዩብ ገጽ ላይ ካሉት ነጠላ ዘፈኖች አንድ ሁለቱን ቅመሱ።

ባንድ ያላችሁ፣ በየሳምንቱ መድረክ የምትወጡ ልጆች፣ ሬድ ሮክስንና ፓሪስን አንድ ላይ እዩ። አንዱ ምንም ሳይኖር እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል፣ ሌላው ሁሉም ነገር እያለ እንዴት እንደሚቀነስ። ዜማ አቀናባሪ የሆነ ደግሞ ሲድኒን አይለፈው።

ዲቪዲ ከውጭ የምታስልኩ የሪጅን ቁጥሩን፣ ማለትም ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል ማጫወቻ ላይ እንደሚሠራ የሚያሳየውን፣ አረጋግጡ። የአሜሪካ 1 ነው፣ የምዕራብ አውሮፓና የመካከለኛው ምሥራቅ 2፣ የአብዛኛው አፍሪካ 5። 0 ወይም «ኦል» የሚል ካለበት በሪጅን በኩል የትም አይከለከልም። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት የሰፈራችሁን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ፤ ብዙዎቹ የሙዚቃ ዲቪዲ ያውሳሉ።

የምታዩት በስልክ ከሆነ የግድ ኢርፎን አድርጉ። በስልክ ስፒከር የአዳም ቤዝ ጨርሶ አይሰማም፤ ዘፈኖቹ ላይ ደግሞ ግማሹ ሥራ የእሱ ነው።

ሙሉ ኮንሰርት ለማየት ጊዜ የሌለው ሰው «ሰንዴይ»ን ብቻ በዚህ ቅደም ተከተል ይያት፦ ሬድ ሮክስ፣ ዴንቨር፣ ሜክሲኮ ሲቲ፣ ስሌን፣ ሮዝ ቦውል፣ ፓሪስ። በአንድ ምሽት ያልቃል። ዴንቨር ላይ ስትደርሱ ግን ቆም በሉና ስለ ኤኒስኪለን አንድ ገጽ አንብቡ፣ ከዚያ ቪዲዮውን ክፈቱ።